ኋላ ማርሽ

ከስፖርቶች ሁሉ ለአሽሙር የተመቸው ቀዘፋ ነው። ሯጭ የሚሮጥበትን ያያል፤ ዋናተኛም ቢሆን በየመካከሉ ቀና ይላል። ቀዛፊ ግን ፊቱን ለመጣበት፣ ጀርባውን ለሚሄድበት ሰጥቶ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደማያየው ቦታ ይገሰግሳል። ከዚህ የሚከተለውን ፍልስፍና የቀዘፋ ሰዎች በልባቸው ይዘውት ይኖራሉ፦ ቀዛፊ በውድድር ላይ የሚያየው የቀደማቸውን ብቻ ነው፤ እሱን የቀደሙት ከጀርባው ናቸው። አንደኛ የሚወጣው ተፎካካሪዎቹን በሙሉ እንደ ቤተሰብ ፎቶግራፍ ከፊቱ ተደርድረው ያገኛቸዋል። የመጨረሻው ደግሞ ባዶ ውሃ እያየ፣ በዓለም ላይ ብቻውን የቀረ እየመሰለው፣ በሰላም ይገባል።

ከተማው "ኋላ ማርሽ" እያለ የሚጠራት ሴት ግን አንደኛም መጨረሻም ሆና አታውቅም ነበር። በቀዘፋ ዘመኗ ሁሉ፣ በየዓመቱ፣ ያለ አንዳች ማወላወል ሁለተኛ ስትወጣ ኖራለች። ሁለተኛ የሚወጣ ቀዛፊ ዕጣው ለየት ያለ ነው፤ ከአንዲት ጀልባ በቀር ሁሉም ይታየዋል፤ እንቅልፍ የምትነሣውም ያቺው የማትታየው ናት።

ቅጽል ስሟን ያወጡላት የገዛ አባቷ ናቸው። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ከሆስፒታሉ በር ተነሥቶ፣ በማተሚያ ቤቱ በኩል ዞሮ፣ ሐይቁ ዳር ካለው ገበያ የሚያበቃውን መስመር ዕድሜ ልካቸውን ሲመላለሱበት አንዲት ዶሮ እንኳ አልገጩም። ቁመታቸው አጭር፣ አጥንታቸው ቀጭን ስለነበር ወንበራቸው ላይ ትራስ ደርበው ይቀመጡ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከፊት ለፊት ለሚመጣ ሰው፣ አውቶቡሱን የሚነዳው ባዶ ቆብ ይመስለው ነበር።

እኚህ ሰው ሁለት እምነት ነበራቸው። አንደኛው፣ የሚሄድ ሰው ዓይኑን ከሚሄድበት አያነሣም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ፌርማታ ላይ የሚደረሰው በቀስታ ነው፤ ቆሞ የተሳፈረ ሰው ቆሞ መውረድ አለበት የሚል ነው። ስለዚህም ፍሬን ከመያዛቸው አስቀድሞ ሁልጊዜ ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ነበር፦ "እህም።" ለምን እንደሚጠርጉ እሳቸውም አያውቁ፤ መስመሩን የለመደ ተሳፋሪ ግን ይህን ሲሰማ ዘንቢሉን ያነሣል።

ከሹፌሩ መቀመጫ ጀርባ፣ ፊቷን ወደ ኋላ ያዞረች አንዲት ወንበር ነበረች። የተቀመጠባትን ሁሉ ስለምታቅለሸልሽ ፈላጊ አልነበራትም፤ በዚህም ምክንያት የሹፌሩ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የዘወትር ቦታዋ እዚያ ሆነ። አባትና ልጅ በአንድ ቆርቆሮ ተለያይተው ጀርባና ጀርባ ይቀመጣሉ፤ አባት የሚመጣውን መንገድ ያያሉ፣ ልጅ ያለፈውን። ሱቆቹ፣ የመብራት እንጨቶቹ፣ አውቶቡሱ ያመለጣቸው ሰዎች ሁሉ ከፊቷ እያነሱ ይሄዳሉ። ፌርማታ ሲቃረብ የምታውቀው በ"እህም" ነው፤ ያኔ ብረቱን ጨበጥ ታደርጋለች። ስለ ወደፊት ሙያዋ ትንቢት የሚናገር ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ጊዜ መናገር ነበረበት፤ ነገር ግን ሁሉም ዘንቢሉን ያነሣ ነበር።

አድጋ ማተሚያ ቤት ተቀጠረች። ሥራዋ በወረቀት መቁረጫው ላይ ነበር፤ እንደ በር መወርወሪያ የረዘመውን እጀታ ወደ ደረቷ ስባ ስታወርደው፣ ጡብ የሚያህል የወረቀት ክምር እንደ ቅቤ ይቆረጣል። አንድ ቀን የቀዘፋ ክበቡ አሠልጣኝ የውድድር ማስታወቂያ ሊያሳትም መጣ። ይህ ሰው ከሐይቁ ዳር ቆሞ በድምፅ ማጉያ ሲጮህ ስለሚውል "ጡሩምባ" ይባላል፤ ድምፅ ማጉያውን ሲያስቀምጥም ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ልጅቷ እጀታውን ስትስብ አይቶ የመጣበትን ረሳ።

"አንቺ ልጅ፣ ጀልባ ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?"

"የለም። ውሃ እፈራለሁ።"

"ደግ ነው። ውሃ የሚፈራ ሰው ጀልባው ውስጥ ይቆያል።"

በዚህ ዓይነት ገባችበት። የክበቡ ቤት የቀድሞ የበረዶ መጋዘን ነበር፤ ጀልባዎቹ በግድግዳው ላይ እንደ መጽሐፍ ተደርድረው የቀለምና የእርጥብ ካልሲ ሽታ አንድ ላይ ያውዳል። መዳፏ ተላጠ፣ ደነደነ፣ እንደገና ተላጠ። አራት ቀዛፊ ከምትይዘው ጀልባ የኋለኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ይህ ወንበር ምት የሚሰጥ ነው፤ ሌሎቹ ሦስቱ እሷን እያዩ ይቀዝፋሉ። ሦስቱ ነርስ፣ ዳቦ ጋጋሪና የሒሳብ መምህርት ነበሩ። አምስተኛዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከጫፍ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ የምታይ፣ የምትመራና የምትጮህ እሷ ብቻ ናት። ከቅጥነቷም ከምላሷም የተነሣ "መርፌ" ይሏታል።

አባት ይህን ሁሉ አልሰሙም ነበር። አንድ ጠዋት አውቶቡሳቸውን በሐይቁ ዳር ሲያሳልፉ፣ አራት ሴቶች ጀርባቸውን አስቀድመው በውሃው ላይ ሲበሩ አዩ፤ አንዷ የገዛ ልጃቸው ናት። ያን ቀን ማታ ገበታ ላይ ሆነው፣

"ዛሬ ምን አየሁ መሰላችሁ? ልጄን በኋላ ማርሽ ስትከንፍ!" አሉ።

"አባዬ፣ ቀዘፋ እንደዚያ ነው።"

"ሰው በኋላ ማርሽ የሚሄደው ጋራዥ ሊገባ ነው፤ ያውም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ!"

"የምታይልን አለችኮ፣ መርፌ።"

"እንግዲያው እሷ ትቅዘፋ!"

እናቲቱ ሳህን እየሰበሰቡ ነበር። "ተዋት እባክህ፤ አንተስ ዕድሜህን ሙሉ ወደፊት ነድተህ የደረስከው እዚያው ገበያ አይደል?" አሉ።

ነገሩ በሳቅ አለቀ፤ ስሙ ግን ቀረ። አባት ይህን የመሰለ ነገር ልቤ አይችልም ብለው አንድም ውድድር ሄደው ሳያዩ ዓመታት አለፉ። ውድድሩ በየዓመቱ በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ከተሞች መካከል ይደረጋል፤ በየዓመቱም ከማዶ የሚመጡት ሴቶች ያሸንፋሉ። ኋላ ማርሽ እርጥብ ልብሷን ይዛ ስትገባ አባት ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ "ስንተኛ?" ይላሉ። "ሁለተኛ" ትላለች። "እህ! የምትሄጅበትን ብታዪ ኖሮ…" ብለው ገጹን ይገልጣሉ። ማተሚያ ቤት ያሉት ደግሞ በማግሥቱ ጠብቀው "እንኳን ደስ አለሽ፤ ሁለተኛ እትም ወጣ!" ይሏታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ሳቋ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ከሳቋ ሥር አንዲት ነገር አለች። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሁሉንም ጀልባ ማየት ትፈልጋለች። አባቷም ቆመው እንዲያዩ ትፈልጋለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ የመቁረጫው እጀታ ግን ያውቅ ይሆናል።

ከዚያ ሹመት መጣባት። የመቁረጫ ክፍሉ ኃላፊ ሆነች፤ ከሚቀጥለው ወቅት ጀምሮ ጎሕ ሲቀድ የሥራ ቦታዋ ላይ መገኘት አለባት፤ ቀዘፋ የሚለመደው ደግሞ ጎሕ ሲቀድ ነው። ለቡድኑ የነገረችው በአጭሩ ነበር።

"የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው።"

"እንግዲያው ዘንድሮ እናሸንፋለን" አለች ጋጋሪዋ፣ ዱቄት የነካው እጇን በጉልበቷ ላይ እየጠረገች። "ሊጡም ቢሆን የሚነሣው ሊተዉት ሲሉ ነው።"

መርፌም አንድ ዜና ነበራት። ውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ልብስ ስትሰፋ እንደዋለች ወደ ክበቡ መጥታ፣ "እኔ አልመራችሁም፤ አርግዣለሁ፤ ሐኪሙ ከጀልባ ውረጂ ብሎኛል" አለች። ነርሷ አቀፈቻት፣ መምህርቷ አለቀሰች፣ ጡሩምባ እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ዘወር ካለ በኋላ ራሱን ያዘ። መሪ የሌላት ጀልባ አትወዳደርም። ጮሆ የሚሰማ፣ እንደ ላባ የቀለለ፣ ዓይኑን ከፊቱ የማያነሣ ሰው በጥቂት ቀን ከየት ይገኛል?

ኋላ ማርሽ ይህን እቤት ስታወራ እናቷ ሥራቸውን አቆሙ። አባት ጡረታ ከወጡ መንፈቅ ሆኗቸው ነበር፤ እናት ደግሞ ከእሳቸው ጡረታ እረፍት ያስፈልጋቸው ነበር።

"ይኸውልሽ አባትሽ!" አሉ እናት። "ጓዳ ስገባ 'ጠጋ በይ' ይለኛል። እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ 'መጀመሪያ የሚወርዱ ይውረዱ' ይላል። ውሰዱልኝ!"

"እኔ በኋላ ማርሽ የሚሄድ ነገር ላይ አልወጣም" አሉ አባት።

"አንተ ወደፊት ነው የምትሄደው፤ ወደ ኋላ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። እስከ ዛሬ አታይም እያልክ ስትነዘንዛት ኖርክ፤ እነሆ የሚያይላት ጠፋ። በል እንግዲህ፣ ምን ትላለህ?"

አባት ጋዜጣውን አጠፉት። ዘረጉት። እንደገና አጠፉት።

"ቆቤን የት አደረግሽው?" አሉ።

በማግሥቱ ጀልባዋ ላይ ሲቀመጡ፣ ግራና ቀኛቸውን ዳስሰው "መሪው የታል?" አሉ።

"መሪው እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ" አለች መምህርቷ።

"እኔን አይደለም፤ መሪውን!"

ሁለት ቀጫጭን ገመድ አስጨበጧቸው። ሰውየው የአውቶቡስ መሪ ለምዶ የኖረ እጃቸውን፣ ከዚያም ገመዱን አዩና የጫማ ክር እንደተሰጠው ሰው ፈገግ አሉ። ሆኖም ችግሩ ገመዱ አልነበረም። ችግሩ ግራ ነበር።

እሳቸው ወደ ፊት ያያሉ፤ ቀዛፊዎቹ ወደ ኋላ። የእሳቸው ግራ ለእነሱ ቀኝ ነው። መርፌ ይህን በልምድ አልፋው ነበር፤ የእሳቸው አፍ ግን ከራሳቸው ግራ አልላቀቅ አለ። "ግራ ጠንክሩ!" ሲሉ በእሳቸው ቀኝ ያሉት ይስባሉ፤ "አይደለም፣ በግራ!" ሲሉ ደግሞ ያንኑ አጥብቀው ይስባሉ። ጀልባዋ የራሷን ጅራት እንደሚያሳድድ ውሻ ዞራ ዞራ ደንገሉ ውስጥ ገባች። የሒሳብ መምህርቷ ነገሩን በመስተዋት ምሳሌ አስረዳች፤ ከማብራሪያዋ በፊት ግራ የገባቸው አንድ ሰው ነበሩ፤ ከማብራሪያዋ በኋላ አምስት ሆኑ። ጡሩምባ ከዳር ሆኖ "ግራ ገባኝ!" ብሎ ሲጮህ አባት ቆባቸውን አስተካክለው "የትኛው ግራ?" ብለው መለሱ።

ሌላም ነገር ነበር። የመጨረሻው ተንሳፋፊ ምልክት ሲቃረብ አባት "እህም" ይሉና "ቀስ… ቀስ…" ብለው ጀልባዋን እንደ ሐር አለስልሰው ያስገባሉ።

"ጋሼ! ይሄ ፌርማታ አይደለም!" ይላል ጡሩምባ።

"ዕድሜ ልኬን ስመሰገንበት የኖርኩትን አንተ ትቆጣኛለህ!" ይላሉ አባት።

ያለው አማራጭ እቤት መለማመድ ሆነ። እሑድ ከሰዓት፣ ሳሎኑ ውስጥ አራት ወንበር በመደዳ ተደረደረ፤ ሁለት መጥረጊያ፣ አንድ መወልወያና አንድ የመጋረጃ ዘንግ ለመቅዘፊያ ተከፋፈሉ። አባት በርጩማ ላይ ከልጃቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ። "ግራ!" ሲሉ መወልወያው ከመጥረጊያው ተጋጨ፤ "ቀኝ!" ሲሉ የመጋረጃው ዘንግ መብራቱን ነካ። በዚህ መካከል እናት የሻይ ትሪ ይዘው ብቅ አሉና መተላለፊያ አጡ።

"እኔስ በየት ልለፍ?"

"በበሩ በኩል!" አሉ አባት፣ ትሪው እንዳይደፋ በመፍራት።

ከበሩ ወገን የነበሩት ጋጋሪዋና መምህርቷ በአንድ ጊዜ ሳቡ።

እናት ትሪያቸውን እንደያዙ ቀሩ። ኋላ ማርሽ በዝግታ "አባዬ፣ ድገመው እስቲ" አለች።

"በበሩ በኩል!"

ሁለቱ ሳቡ።

"በሹፌሩ በኩል!"

የቀሩት ሁለቱ ሳቡ። ሰው በአውቶቡስ ውስጥ ፊቱን ወደ የትም ያዙር፣ ቢፈልግ ተዘቅዝቆ ይንጠልጠል፣ በሩ በየት በኩል እንደሆነ አይጠፋውም። መውረጃውን የማያውቅ ተሳፋሪ የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያች ጀልባ ላይ ግራና ቀኝ የሚባሉ ነገሮች ተሻሩ።

"ሻዩ ቀዘቀዘ" አሉ እናት፤ ለግኝቱ ያላቸው ድርሻ ሲነገራቸውም "እኔ ያልኩት ልለፍ ነው" ከማለት ሌላ አስተያየት አልሰጡም።

የውድድሩ ቀን ነፋሻ ነበር። ስድስት ጀልባዎች ተሰለፉ፤ የማዶዎቹ ከጎናቸው ናቸው። የማዶዎቹ መሪ ባለ ቆቡን ሽማግሌ አይታ "አባባ፣ ይህቺ ወደ ገበያ ናት?" ብላ ጠየቀች።

"ሞልቷል፤ የሚቀጥለውን ጠብቂ" አሉ አባት።

ተኩሱ ሲሰማ ኋላ ማርሽ ከዚህ ቀደም አይታው የማታውቀውን ነገር አየች። አባቷ ሲነዱ ፊታቸው ምን እንደሚመስል እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር። ልጅነቷን ሙሉ በዚያ ቆርቆሮ ላይ ተደግፋ ጀርባ ለጀርባ ኖረች እንጂ ፊታቸውን አላየችም። አሁን ከጉልበቷ ፊት ተቀምጠው፣ በራሷ ላይ አሻግረው ውሃውን ያያሉ፤ ቅንድባቸው ተሰብስቧል፣ ከንፈራቸው ለብቻው ከመንገዱ ጋር ይነጋገራል። ይህን የመሰለ ትጋት ከጀርባዋ ሲሠራ እንደኖረ ስታውቅ ክንዷ በረታ።

"በበሩ በኩል ጠበቅ!" ነፋሱ ወደ ጎረቤት እየገፋቸው ነበር። "በቃ፣ እኩል! ንኩት!"

አንድ ጀልባ በኋላ ማርሽ ፊት ታየ፤ ሁለተኛ ታየ። ሦስተኛና አራተኛው እየተከታተሉ ከዓይኗ ገቡ። ይህን ያህሉን በየዓመቱ ታየዋለች። የቀረችው አምስተኛዋ ናት፤ የማዶዎቹ። ከጎኗ የመቅዘፊያቸው ጫፍ ብቻ ብልጭ ይላል። ወንበሯን አንሸራታ ሳበች፤ እንደገና ሳበች። የማዶዎቹ መሪ ፊት፣ ከዚያም የመጀመሪያዋ ቀዛፊ ክርን ታየ። ጩኸቱ ከዳር በረታ፤ መጨረሻው ቀርቧል ማለት ነው።

ያን ጊዜ ከፊቷ አንድ ድምፅ መጣ።

"እህም።"

ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ይህን ድምፅ ሲሰማ ብረት የጨበጠ እጇ በልማዱ መቅዘፊያውን ለቆ ብረት ሊፈልግ ነበር። አባቷ በተንሳፋፊው ምልክት ላይ ዓይናቸውን ተክለው፣ አፋቸው "ቀስ" ለማለት ተከፍቷል። ነገሩን ማስረዳት የሚቻልበት ትንፋሽ አልነበራትም። የዕድሜ ልክ ሹፌር ያለ ማብራሪያ የሚገባውን አንድ ቃል ብቻ ወረወረች።

"ወራጅ የለም!"

ከጀርባዋ ነርሷ፣ ጋጋሪዋና መምህርቷ፣ በዕድሜያቸው ሙሉ የተሳፈሩትን አውቶቡስ ሁሉ ድምፅ ሰብስበው ተቀበሏት፦ "ወራጅ የለም! ንካው!"

የአባት አፍ ተከድኖ ተከፈተ። እግራቸው የሌለ ነዳጅ መስጫ ረገጠ። "ንኩት!" አሉ በሐይቁ ማዶ በሚሰማ ድምፅ፤ "ንኩት! በበሩም! በሹፌሩም! ንኩት!" ጀልባዋም በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፌርማታ ዘልላ አለፈች።

ደወል ተደወለ። መቅዘፊያዎቹ ውሃ ላይ ተዘረሩ። አባት እያለከለኩ ነበር፤ ምንም ነገር ሳይቀዝፉ ከሁሉም በላይ ደክመዋል። ዓይናቸው ከውሃው ላይ ወርዶ ልጃቸው ፊት ላይ አርፎ ቀርቷል፤ እምነታቸውን በመጨረሻዋ ሰዓት አፍርሰው ከመንገዱ ላይ ዓይናቸውን አንሥተው ነበር።

"ስንተኛ ነን?" አሉ። "እኔ… አላየሁም።"

ኋላ ማርሽ ወደ ፊቷ አሻግራ አየች። አራቱን አየች። ከዚያም የማዶዎቹን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ መሪያቸውንም ጨምሮ አየች።

"አባዬ፣ ሁሉንም አያቸዋለሁ።"

የቀረው ለቅሶና ጩኸት ነው፤ አብዛኛው የጡሩምባ ነበር። ማተሚያ ቤቱ በማግሥቱ የሚላትን አጥቶ ተቸገረ፤ ከብዙ ምክክር በኋላ "የተሻሻለ እትም" በሚለው ተስማሙ። ሁሉም ከጀልባዋ ወርዶ ሲተቃቀፍ አባት ወደ ኋላ ቀሩ፤ ጎንበስ ብለው ወንበሮቹን አንድ በአንድ ከሥር አዩ።

"ምን እየፈለግህ ነው?" አለች ልጃቸው።

"የረሳችሁት ዕቃ ካለ ብዬ ነው።"

ዛሬ ኋላ ማርሽ የመቁረጫ ክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ማለዳ ማለዳ ወደ ሥራዋ በእግሯ ትሄዳለች፤ ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ። መንገዷ በሐይቁ ዳር ያልፋል። እዚያ ስትደርስ ቆም ትላለች፤ ባለ ቆቡ መሪ አራት አዳዲስ ልጆች ይዘው "በበሩ በኩል!" እያሉ ለልምምድ ሲነሡ ታያለች። ልጅ ጡረታ ወጥታ አባት ሥራ ጀምረዋል። እናት ሳሎናቸው ስለተመለሰላቸው ደስተኛ ናቸው። መርፌም ከወለደች በኋላ ልትመለስ ፈልጋ ነበር፤ ቦታው ሞልቷል አሏት።